ላምባ አጣርቶ መክበር፦ የሮክፌለር አሠራር ከምድጃው እስከ ባቡሩ

ጆን ዲ. ሮክፌለር በነዳጅ ከበረ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጥቁር ዘይት ወደ ሰማይ የሚተፋ ጉድጓድ ነው። ሰውየው ግን መሠረቱን በጣለባቸው ዓመታት ጉድጓድ አልቆፈረም፤ ከቆፋሪዎቹ ሰፈርም ርቆ ነበር የተቀመጠው። ለምን እንደሆነ የድፍድፉ ዋጋ ይናገራል። ኤድዊን ድሬክ ፔንስልቬንያ ውስጥ ታይተስቪል አጠገብ 21 ሜትር ያህል ቆፍሮ ነዳጅ ያገኘው በኦገስት 1859 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1860 መጀመሪያ አንድ በርሜል ድፍድፍ 20 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። በ1861 መጨረሻ 10 ሳንቲም ወረደ። ባዶው በርሜል ከያዘው ነዳጅ ብዙ እጥፍ ይወደድ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በታች የተዘረዘረው እሱ የሄደበት መንገድ ነው፦ በ1865 አካባቢ ኦሃዮ ውስጥ ክሊቭላንድ ከተማ የቆመ ሰው ምን መግዛት፣ ምን ማፍላት፣ ምን መቁጠርና ከማን ጋር መደራደር እንደነበረበት። የማጣራቱ ክፍል እንዲገባችሁ እንጂ ጓሮ ውስጥ እንድትሞክሩት አልተጻፈም። በዚያ ዘመን ሥራዬ ብለው የያዙት ሰዎች እንኳ ማጣሪያቸው በተደጋጋሚ ይቃጠልባቸው ነበር።

መጀመሪያ ደብተሩ

ሮክፌለር የኬሚስትሪ ሰው አልነበረም። የሚያውቀው ሒሳብ መያዝ ነው። ለጥቂት ወራት የንግድ ትምህርት ተምሮ በሴፕቴምበር 26 ቀን 1855፣ በ16 ዓመቱ፣ ሂዊት ኤንድ ተትል በተባለ የንግድ ቤት ረዳት ሒሳብ ያዥ ሆኖ ተቀጠረ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለሠራበት ሦስት ወር የተከፈለው 50 ዶላር ነው። እዚያ የያዘው ልማድ አንድ ነው፤ የመጣ ደረሰኝ መስመር በመስመር ሳይታይ አይከፈልም።

ይህንኑ ወደ ማጣሪያው አስገባው። ለእያንዳንዱ ዕቃ፣ ለበርሜል ቡሽም ቢሆን፣ አራት ዓምድ ይያዛል፦ ከባለፈው ወር የዞረ፣ የገባ፣ የወጣ፣ በእጅ ያለ። የዞረውና የገባው ተደምሮ የወጣው ሲቀነስ በእጅ ካለው ጋር ካልገጠመ ለኃላፊው ጥያቄ ይጻፋል። ሁልጊዜ የሚጠቀስለት አንድ ደብዳቤ አለ። የዞረ 1,119 ቡሽ፣ የገባ 10,000፣ የወጣ 9,527፣ በእጅ አለ የተባለው 1,092፤ ታዲያ 500ዎቹ የት ገቡ? ደምራችሁ ቀንሱት፣ ልክ 500 ይጎድላል። ቡሹ ራሱ ዋጋ የለውም። ቡሽ የሚጠፋበት መጋዘን ግን ላምባም ይጠፋበታል፤ ላምባው ደግሞ ተለክቶ ሊያዝ የሚችለው ከቡሽ ይልቅ በብዙ ችግር ነው።

ወጪውን በወር ድምር አትያዙት። በጋሎን ያዙት፣ በሳንቲም ክፍልፋይ። በቀን 500 በርሜል የሚያጣራ ፋብሪካ፣ አንድ በርሜል 42 ጋሎን (159 ሊትር) ስለሆነ፣ 21,000 ጋሎን ያንቀሳቅሳል። በአንድ ጋሎን ላይ የሳንቲም አንድ አሥረኛ ማትረፍ በቀን 21 ዶላር፣ በ300 የሥራ ቀን 6,300 ዶላር ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይህችን አንድ አሥረኛ ከየት እንደሚያገኛት ነው።

የት መትከል

ሦስት ምርጫ ነበር። አንደኛው ጉድጓዶቹ አጠገብ፣ እዚያው ኦይል ክሪክ። ድፍድፉ ደጃፍ ላይ ነው፤ ነገር ግን አሲዱ፣ ብረቱ፣ ባለሙያው ሁሉ በጭቃ መንገድ ከሩቅ ይመጣል፣ ዋጋው እሳት ነው። ሁለተኛው ፒትስበርግ፣ ቅርብና ወንዝ ያላት ከተማ። ችግሯ ወደ ምሥራቅ ወደብ የሚወስዳት ባቡር በተግባር አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ የፔንስልቬንያ ባቡር ድርጅት ያለውን ዋጋ መክፈል ግዴታ ነበር። ሦስተኛዋ ክሊቭላንድ። ከጉድጓዶቹ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ፣ ማለትም ከገበያው በተቃራኒ አቅጣጫ። ድፍድፉን ወደ ኋላ ወስዶ ላምባውን እንደገና ወደ ፊት ማምጣት ሞኝነት ይመስላል።

ግን ክሊቭላንድ ሁለት የሚፎካከሩ የባቡር መስመሮች ነበሯት፣ በረዶ በሌለበት ወራት ደግሞ የኢሪ ሐይቅና ከሱ የሚቀጥለው ቦይ። ባቡሮቹ ዋጋ ቢጨምሩ በጀልባ እልካለሁ ማለት ይቻላል፤ የሐይቁ መንገድ ብዙም ባይጠቀሙበት እንኳ መኖሩ ብቻ ዋጋ ያወርዳል። ሮክፌለርና ሸሪኩ ሞሪስ ክላርክ በ1863 ማጣራት ከሚያውቀው ከሳሙኤል አንድሩስ ጋር ማጣሪያ ሲከፍቱ ቦታው ኪንግስበሪ ረን ነበር፦ ወደ ካያሆጋ ወንዝ የሚወርድ ጅረት ያለበት፣ አዲስ የባቡር ሐዲድ ደጃፉን አልፎ የሚሄድበት። መነሻ ገንዘባቸው 4,000 ዶላር ነው። የእህልና የሥጋ ንግዳቸው ጎን ለጎን ይሄድ ስለነበር ሮክፌለር ነገሩን መጀመሪያ እንደ ጎን ሥራ ነው ያየው።

ምድጃው

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የማጣራቱን ግማሽ ያውቀዋል። ከታች እሳት፣ ከላይ የተዘጋ ድስት፣ ከድስቱ የሚወጣ ቱቦ፣ ቱቦው የሚያልፍበት ቀዝቃዛ ውሃ። ልዩነቱ ከአረቄው ድስት የሚፈለገው አንድ ነገር ሲሆን ከድፍድፉ ግን ብዙ ነገር በየተራው መምጣቱ ነው፤ መጀመሪያ ጋዝ፣ ከዚያ ቤንዚን፣ ከዚያ ላምባ (ነጭ ጋዝ የምንለው)፣ ከዚያ ከባድ ዘይት፣ መጨረሻ ቅጥራንና ከሰል። በዚያ ዘመን የሚሸጠው ላምባው ነው። ሙያው ያለው ቧንቧውን መቼ ወደ የትኛው ጋን እንደምታዞሩት በማወቁ ላይ ነው።

ዕቃው ይህ ነው። በጡብ ምድጃ ላይ የተቀመጠ የብረት ድስት። ከአናቱ የሚወጣ ሰፊ ቱቦ፣ ቀጥሎ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ በተሞላ የእንጨት ገንዳ ውስጥ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ቧንቧ። የቧንቧው መጨረሻ ከምድጃው ርቆ በሌላ ቤት ውስጥ፣ ለየብቻ የሚከፈቱ በርካታ ጋኖች ያሉበት። አንድ ቴርሞሜትርና የፈሳሹን ክብደት የሚለካ ሃይድሮሜትር። ሃይድሮሜትሩ የሚያነብበት፣ ቦሜ የሚባለው መለኪያ ግልባጭ መሆኑን አትርሱ፤ ፈሳሹ በቀለለ ቁጥር ቁጥሩ ከፍ ይላል።

ድፍድፉ በመጀመሪያ በጋን ውስጥ ይረጋ። ውሃና አሸዋው ወደ ታች ይቀመጣል። ሳይረጋ ከተጨመረ ውሃው በጋለው ድስት ውስጥ በአንዴ ይተንና ጥቁሩን ዘይት እስከ ቧንቧው ያስገነፍለዋል፤ የቀኑ ምርት ተበላሸ ማለት ነው። ድስቱንም እስከ አፉ አትሙሉት፣ አረፋው የሚነሣበት ቦታ ይፈልጋል።

እሳቱ በዝግታ ይጀመራል። ቀድሞ የሚመጣው ውሃው የማያቀዘቅዘው ጋዝ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ እንዳይጠራቀም በራሱ ቱቦ ይውጣ። ቀጥሎ ቤንዚን ጠብ ጠብ ይላል። ሃይድሮሜትሩ ከ60 በላይ እስካነበበ ድረስ የሚወርደው ሁሉ ወደ ቤንዚኑ ጋን ይሂድ። ወደ 60 ገደማ ሲደርስ ቧንቧው ወደ ላምባው ጋን ይዞራል። ላምባ የሚወጣው በግምት ከ150 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው፤ እሳቱ ቀስ እያለ ይጨመራል። ንባቡ ወደ 38 ሲወርድና የሚንጠባጠበው ቢጫ እየሆነ ሲመጣ ቧንቧው እንደገና ይዞር። ከዚያ በኋላ ያለው ለማሽን ቅባት እንጂ ለፋኖስ አይሆንም፤ ክሩን ያፍነዋል፣ ጢስ ያበዛል።

ከዚህ ሁሉ ደረጃ ገዢውን የሚገድለው አንዱ ብቻ ነው፦ ቧንቧውን ቀድሞ ማዞር። ቤንዚን ገዢ አልነበረውም፣ ላምባ ግን በጋሎን ይሸጣል፤ ስለዚህ ትንሽ ቤንዚን ከላምባው ጋር እንዲያልፍ ማድረግ የየማጣሪያው ፈተና ነበር። በዚያው ዘመን የተደረገ አንድ ሙከራ ነገሩን በቁጥር ያሳያል። በ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበልባል የሚይዝ ላምባ ላይ ከመቶ 1 ቤንዚን ሲጨመር ወደ 39 ወረደ። ከመቶ 5 ሲጨመር 28። ከመቶ 10 ሲጨመር 15፤ ይህ ከአዲስ አበባ ደጅ የከሰዓት አየር የማይሞቅ ሙቀት ነው። እንዲህ ያለው ላምባ በበራ ፋኖስ ውስጥ ሲሞቅ ትነቱ ከክሩ ጎን ወጥቶ ይፈነዳል። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1867 ከ110 ፋራናይት (43 ሴንቲግሬድ) በታች እሳት የሚይዝ የመብራት ዘይት እንዳይሸጥ ከልክሎ ነበር፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የበላይ ፍርድ ቤቱ ይህ የክልሎች ጉዳይ ነው ብሎ ድንጋጌውን ጣለው።

ፍተሻው አይከብድም። በትንሽ ኩባያ ያለ ላምባ በውሃ መታጠቢያ ላይ ይንሳፈፍ፣ ቴርሞሜትር ይግባበት፣ ውሃው በጣም በዝግታ ይሙቅ። በየአንድ ሁለት ዲግሪው የክብሪት እሳት የምታክል ነበልባል በላዩ ትለፍ። ብልጭ ብሎ የሚጠፋበት ቁጥር አንዱ ነው፣ ይዞ የሚቀጥልበት ሁለተኛው። ውሃውን በችኮላ ማሞቅ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ሻጭ ሲፈትን ለምን እንደሚቸኩል ከዚህ ይገባችኋል። የሮክፌለር ኩባንያ በ1870 ስታንዳርድ (አንድ ወጥ ደረጃ ያለው) የሚለውን ስም ሲይዝ ለገዢው ያቀረበው ነገር ይህ ነበር፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ፣ የማይፈነዳ ላምባ።

ሌላው አደጋ ትነቱ ከአየር ይልቅ መክበዱ ነው። ወደ ላይ አይሄድም፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ ምድጃ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ምድጃውና የጋኖቹ ቤት የሚራራቁት፣ ለዚህ ነው ሌሊት ፋኖስ ይዞ ጋን ውስጥ ማየት የሚከለከለው። ድስቱም ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይቀዘቅዝ አይከፈት፤ አየር ገብቶ ከጋለው ቅሪት ጋር ሲገናኝ ያነደዋል።

ማጠብ

ከድስቱ የወጣው ላምባ ይሸታል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። እርሳስ በተለበጠ ገንዳ ውስጥ ከመቶ 2 ያህል ሰልፈሪክ አሲድ ይጨመርበትና ይመታል። ሲረጋ ጥቁር ዝቃጭ ከታች ይወርዳል፣ እሱ ይለቀቅ። ከዚያ በውሃ ይታጠብ፣ የቀረውን አሲድ እንዲገድል ኮስቲክ ሶዳ ይግባ፣ እንደገና በውሃ ይታጠብ። ላምባው አሲድ ከመግባቱ በፊት ውሃ ካለበት አሲዱ ይቀጥንና ሥራውን አይሠራም። መጨረሻ ላይ በደንብ ካልታጠበ ደግሞ የፋኖሱ ክር አናት ላይ ቅርፊት ይሠራና ከአንድ ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ይደክማል። ገዢው ፋኖሱ መጥፎ ነው ይላል፤ መጥፎው አጠባው ነው። አንድሩስ እውቀቱ እዚህ ላይ ነበር። ኩባንያው በኋላ አሲዱን ራሱ መሥራትና ከዝቃጩም መልሶ ማውጣት ጀመረ።

የሚጣለውን አለመጣል

በ1860ዎቹ ክሊቭላንድ ውስጥ ብዙ አጣሪዎች ቤንዚኑን ወንዝ ውስጥ ይለቁት ነበር። ከሚያልፉ መርከቦች ፍም ሲጣል ካያሆጋ ወንዝ በእሳት ይያያዝ ነበር። ሮክፌለር ግን ቤንዚኑን በምድጃው ሥር አነደደው፤ ለድንጋይ ከሰል የሚወጣው ገንዘብ ቀረለት። ከባዱ ዘይት ለማሽን ቅባት፣ ሰሙ ለሻማ፣ ቅጥራኑ ለመንገድና ለጣሪያ ሄደ። ገንዘቡ ከአንዱ ብቻ አይመጣም። ላምባው ዋጋው ወርዶ በኪሳራ በሚሸጥበት ወር እነዚህ ትንንሾቹ ወጪውን ይሸፍናሉ፤ ላምባ ብቻ የሚሸጠው ጎረቤት በዚያ ወር ይዘጋል።

በርሜሉ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ብዙ ሰው በርሜሉን ይዘለዋል። ከበርሜል ሠሪ የሚገዛ በርሜል 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያህል ነበር። ሮክፌለር የራሱን የነጭ ኦክ ደን ገዛ፣ የራሱን ሠሪዎች ቀጠረ፣ ዋጋውን ከአንድ ዶላር በታች አወረደ። ከቁጠባው አንዱ ክፍል የመጣው እንጨቱን የት ማድረቅ ከሚለው ጥያቄ ነው። ሌሎች እርጥቡን ግንድ በጋሪ ከተማ ድረስ ያመጡ ነበር፤ ያመጡት ግማሹ ውሃ ነው ማለት ይቻላል። እሱ ግን እዚያው ጫካ ውስጥ በምድጃ አድርቆ ቀለል ያለውን አስጫነ።

የደረቀው እንጨት በብረት ቀለበት ከታሰረ በኋላ ውስጡ ትኩስ ሙጫ ይፈስበትና በርሜሉ እየተንከባለለ እንዲለብሰው ይደረጋል። ላምባ ከውሃ ይልቅ በቀጭን ስንጥቅ ይሾልካል፤ ያለ ሙጫ በርሜሉ ኒው ዮርክ ሲደርስ ጎዶሎ ነው። ሙጫው ግን ውሃ ሲነካው ይለቃል፣ ስለዚህ በርሜሉ ዝናብ ላይ አይቆይ። የስታንዳርድ በርሜሎች ሰማያዊ ቀለም ይቀቡ ነበር።

ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ላምባ በባለ 5 ጋሎን፣ ማለትም 19 ሊትር ገደማ በሚይዝ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ይታሸግ ነበር። አንዴ ሮክፌለር ክዳኑን የሚበይደውን ማሽን ቆሞ አየ። ስንት ጠብታ ስታኞ ትጠቀማላችሁ? 40። በ38 ሞክራችኋል? አልሞከሩም። በ38 ተሞከረ፣ ከቆርቆሮዎቹ ጥቂቶቹ አፈሰሱ። በ39 ተሞከረ፣ አንድም አላፈሰሰም። 39 ደንብ ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 2,500 ዶላር አተረፈ። ይህን ታሪክ ቁጠባን ለማሞገስ የሚያወሩት ብዙ ናቸው፤ እኛ የምናየው ግን የፍተሻውን ሥርዓት ነው። ወደ ታች ሄዶ የሚሰበርበትን ነጥብ አገኘ፣ ከዚያ አንድ ጨመረ። 38ን ሳይሞክር 39 በቂ መሆኑን ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ገንዘቡ

ሸሪኮቹ ብድር ይፈሩ ነበር፣ እሱ ደግሞ ማስፋት ይፈልጋል። በፌብሩዋሪ 1865 ተለያዩና ድርሻው በመካከላቸው በጨረታ ቀረበ። ጥሪው ከ500 ዶላር ተነሥቶ 72,500 ላይ ቆመ፤ ሮክፌለር ወሰደው። 25 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዋጋ የገዛው በቀን 500 በርሜል የሚያጣራ፣ በከተማው ትልቁን ፋብሪካ ነው። በቀጣዩ ዓመት ወንድሙን ዊልያምን የሽያጭ ቢሮ እንዲከፍት ኒው ዮርክ ላከው። በ1867 ሄንሪ ፍላግለር በሸሪክነት ገባ። በጃንዋሪ 10 ቀን 1870 ስታንዳርድ ኦይል ኦፍ ኦሃዮ በ1 ሚሊዮን ዶላር ካፒታል ተመሠረተ፤ 10,000 አክሲዮን እያንዳንዱ 100 ዶላር፣ ከዚያ የሮክፌለር 2,667። መሪዎቹ ደመወዝ እንዳይወስዱ፣ ከትርፍ ክፍፍልና ከአክሲዮኑ ዋጋ ብቻ እንዲኖሩ ወሰነ። ያኔ ከአገሪቱ የማጣራት አቅም አንድ አሥረኛ ገደማ በእጁ ነበር።

ባቡሩን መደራደር

እስካሁን ያለው በጋሎን የሳንቲም ክፍልፋይ ነው የሚያተርፈው። ባቡሩ ግን በበርሜል ብዙ አሥር ሳንቲሞች ያንቀሳቅሳል። ከክሊቭላንድ ወደ ኒው ዮርክ ለአንድ በርሜል በይፋ የተለጠፈው ዋጋ 2 ዶላር ከ40 ነበር። ፍላግለር ከሌክ ሾር ባቡር ጋር ተደራድሮ 1 ዶላር ከ65 አደረሰው። በልመና ግን አይደለም። ለባቡሩ የሰጠው ነገር አለ፦ በየቀኑ፣ ክረምት ከበጋ፣ 60 ፉርጎ ላምባ።

ለባቡሩ ይህ ምን ይጠቅመዋል? አስሉት። ከዚያ በፊት ላምባ ከሌላ ጭነት ጋር እየተቀላቀለ፣ በየጣቢያው እየቆመ ሲሄድ አንድ ፉርጎ ኒው ዮርክ ደርሶ ለመመለስ በአማካይ 30 ቀን ይፈጅበት ነበር። በቀን 60 ፉርጎ ለመላክ 60 በ30፣ ማለትም 1,800 ፉርጎ ያስፈልጋል። ባቡሩ ሙሉ በሙሉ ላምባ ሆኖ ሳይቆም ቢሄድ ጉዞው 10 ቀን ይሆናል፤ 600 ፉርጎ ይበቃል። አንድ ፉርጎ 500 ዶላር ቢቆጠር የ600,000 ዶላር ብረትና እንጨት ተረፈ። ቅናሹ የተከፈለው ከዚህ ነው። እዚህ ድረስ ያለውን ዛሬም ማንኛውም የጭነት ድርጅት ይስማማበታል።

ችግሩ ቅናሹ በምሥጢር መሆኑ ነው። በቀን ሁለት ፉርጎ የሚልከው ጎረቤት 2 ዶላር ከ40 ይከፍላል፣ ባቡሩ የሚሄድበት ሐዲድ ደግሞ ሕዝብ በሰጠው መብት የተዘረጋ ነው። በየክልሉ ሕግ አከራካሪ የነበረው ይህ አሠራር በመላ አገሪቱ በሕግ የታገደው በ1887 ነው።

ቀጥሎ ያለውን እንደ መመሪያ አትውሰዱት፤ ያለ እሱ ግን ታሪኩ አይገባም። በ1872 መጀመሪያ ሳውዝ ኢምፕሩቭመንት ኩባንያ በሚል ሽፋን ሦስት ባቡሮችና ጥቂት አጣሪዎች ተስማሙ። ጭነቱ 45 ከመቶ ለፔንስልቬንያ፣ 27.5 ለኢሪ፣ 27.5 ለኒው ዮርክ ሴንትራል ይከፋፈላል። ድፍድፍ ወደ ክሊቭላንድ በበርሜል 80 ሳንቲም ሲሆን አባሉ 40ው ይመለስለታል። ከዚያም የባሰው ተፎካካሪው ከከፈለው 80 ላይ 40ው ለአባሉ ይሰጣል። ተፎካካሪህ በሠራ ቁጥር አንተ ትከፈላለህ፤ በዚያ ላይ ምን እንደላከና ለማን እንደላከ ባቡሩ ይነግርሃል። ቆፋሪዎቹ ሲሰሙ አንድ ላይ ተነሥተው ድፍድፍ አንሸጥም አሉ፤ በኤፕሪል የኩባንያው ፈቃድ ተሰረዘ። በዚያ ውል አንድ በርሜል እንኳ አልተጫነም።

ነገር ግን ውሉ ገና እንደ ጥላ አንዣቦ በነበረባቸው ስድስት ሳምንታት ሮክፌለር ክሊቭላንድ ውስጥ ካሉት 26 ተፎካካሪዎች 22ቱን ገዛ። የገዛበት መንገድ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ወደ ትልቁ ተፎካካሪ ይሄዳል፤ ትልቁ ከተስማማ ትንንሾቹ አይከብዱም። የራሱን መዝገብ ከፍቶ ያሳያል፣ በምን ዋጋ እያጣራ እንደሚያተርፍ። ከዚያ ገማቾች የሻጩን ድስትና ጋን ይገምታሉ፤ ግምቱ ዕቃው ተነቅሎ ቢሸጥ የሚያወጣውን ያህል እንጂ ሲሠራ የሚያስገኘውን አይደለም። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ወይም በስታንዳርድ አክሲዮን፣ እንደ ሻጩ ምርጫ። አክሲዮን ውሰዱ ብሎ ይመክር ነበር፤ የሰሙት ሀብታም ሆኑ፣ ጥሬ ገንዘብ የወሰዱት ዕድሜ ልካቸውን ተዘረፍን አሉ። ሁለቱም ወገን ስለተመሳሳይ ግዢ ነው የሚናገረው። የገዛቸውን ብዙዎቹን ማጣሪያዎች ወዲያው ዘጋቸው፤ የፈለገው ድስቶቻቸውን ሳይሆን ከገበያ መውጣታቸውን ነበር።

ቧንቧና ወረቀት

በ1879 ታይድዋተር የተባለ ነጻ ኩባንያ ተራራ አቋርጦ 109 ማይል፣ ማለትም 175 ኪሎ ሜትር፣ ባለ 6 ኢንች ቧንቧ ዘረጋ። ዘይቱ እስከ ማዶ ሲፈስ የባቡር ቅናሹ ዋጋ አጣ። ስታንዳርድ ብዙ አላለቀሰም፤ ራሱ ረጃጅም ቧንቧ መዘርጋት ጀመረ።

ያን ጊዜ ከአገሪቱ የማጣራት ሥራ 90 ከመቶው በእጁ ነበር፤ ያሠረው ግን የኦሃዮ ሕግ ነው፣ የአንድ ክልል ኩባንያ የሌላ ክልል ኩባንያ አክሲዮን በቀላሉ መያዝ አይችልም። ጠበቃው ኤስ. ሲ. ቲ. ዶድ በ1882 መውጫ አበጀለት። ባለ አክሲዮኖቹ አክሲዮናቸውን ለዘጠኝ ባለአደራዎች ያስረክባሉ፣ በምትኩ የአደራ ወረቀት ይቀበላሉ። በወረቀት ላይ ማንም ማንንም አልገዛም። ዘጠኙ ሰዎች ግን ሁሉንም ያዛሉ፤ የትኛው ማጣሪያ ይዘጋ፣ የትኛው ይስፋ። ሥራው በጥቂት ትልልቅ ማጣሪያዎች ሲሰበሰብ አንድ ጋሎን የማጣሪያ ወጪ ከአንድ ሳንቲም ተኩል ገደማ በ1885 ወደ ግማሽ ሳንቲም ወረደ። በ1870 በጋሎን 26 ሳንቲም ያህል የነበረው ላምባ ከ10 ሳንቲም በታች ሲሸጥም ኩባንያው ያተርፍ ነበር።

በ1885 ኦሃዮ ውስጥ ላይማ አጠገብ የተገኘው ድፍድፍ ደግሞ ድኝ ይበዛበት ነበር፤ ላምባው እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፣ ፋኖሱን ያጠቁራል። ማንም የማይፈልገው ስለነበር ርካሽ ነው። ሮክፌለር ዳይሬክተሮቹ እየፈሩ አስገዛው፣ በጋን አከማቸው፣ ሄርማን ፍራሽ የተባለ ኬሚስት ቀጠረ። ፍራሽ ትነቱን በመዳብ ኦክሳይድ ላይ እያሳለፈ ድኙን አስለቀቀው። በሳንቲም የተገዛው ዘይት ሽታው ጠፍቶ በደንበኛው ዋጋ ተሸጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍርድ ቤት ነው። ገበያን በብቸኝነት መያዝን የሚከለክለው የሸርማን ሕግ በ1890 ወጣ፣ የኦሃዮ ፍርድ ቤት በ1892 የአደራውን አሠራር ሕገ ወጥ አለው፣ ኩባንያው በ1899 ወደ ኒው ጀርሲ ተዛወረ፣ የበላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 15 ቀን 1911 ወደ 34 ኩባንያ በተነው። ከልጆቹ ሁለቱ፣ የኒው ጀርሲውና የኒው ዮርኩ፣ በእኛም ታሪክ ውስጥ ብቅ ይላሉ። በኦገስት 1935፣ የጣሊያን ጦር በሚሰበሰብበት ወቅት፣ ፍራንሲስ ሪኬት የተባለ እንግሊዛዊ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ሰፊ የነዳጅ ፍለጋ ውል ተፈራረመ፤ ከጀርባው ያለው የእነዚሁ ሁለቱ የጋራ ድርጅት ስታንዳርድ ቫኪዩም መሆኑ ሲታወቅ የአሜሪካ መንግሥት ተጭኖ በቀናት ውስጥ ውሉን እንዲተወው አደረገ።

ሲበተን እያንዳንዱ ባለ አክሲዮን በያዘው መጠን ከየኩባንያው ድርሻ ተሰጠው። የሮክፌለር አንድ አራተኛ ገደማ ነበር። የድርሻዎቹ ዋጋ ተነጥለው ሲሸጡ አንድ ላይ ከነበሩበት አለፈ። በዚያው ሰሞን መንገዱን መኪና ሞላው፤ ለምድጃ ማገዶ የነበረው፣ ሃይድሮሜትሩ ከ60 በላይ እያነበበ ወደ ጎን ጋን የሚሄደው ቤንዚን፣ በሽያጭ ላምባውን በለጠ።